ግቢው ሲዘጋ፦ ከቤት ሆኖ የዩኒቨርሲቲ ትምህርትን የመዝለቂያ መመሪያ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ ዕለቱ ዓርብ ነበር። ሰኞ ትምህርት ተቋረጠ። ብዙ ሳይቆይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ሻንጣውን እየጎተተ ወደየቤተሰቡ ተበተነ፤ ትናንት ሳቅና ጫጫታ የነበረባቸው ዶርሞችም በየቦታው ለይቶ ማቆያ ሆኑ። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በኢንተርኔት ይቀጥሉ ተባለና እኔም አንድ ኮርስ በቴሌግራም ማስተማር ጀመርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም «አለሁ» አለ። በአራተኛው ሳምንት ጥያቄ ጽፌ ስጠብቅ የሚመልሱልኝ ሁልጊዜ እነዚያው ሦስት ልጆች ሆኑ። ተናደድኩና ረጅም የቁጣ መልእክት ጻፍኩ። ይቅርታ የጠየቁኝ እነዚያው ሦስቱ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ስልክ አንስቼ ለጠፉት አንድ በአንድ መደወል ጀመርኩ። አንዱ የአጎቱን ሱቅ ይጠብቃል። አንዷ ኔትዎርክ ለማግኘት ከቤቷ ጀርባ ያለውን ኮረብታ ትወጣለች። አንደኛው ግን ኢንተርኔትም ኮምፒውተርም ነበረው። «ታዲያ ምን ሆንክ?» አልኩት። «መምህር፣ መጽሐፉን እከፍተዋለሁ፤ ግን ማን እየጠበቀኝ ነው?» አለኝ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በዚያ ጥያቄ ምክንያት ነው። ግቢ ውስጥ ሳለን ተማሪን የሚያስነሳውን ነገር ሁሉ «ፍላጎት» ብለን እንጠራው ነበር። ለካ አብዛኛው ፍላጎት አልነበረም፤ ካፌው ከመዘጋቱ በፊት መድረስ ስላለብን እንነሣለን፤ የዶርም ጓደኛችን መጽሐፉን ሲይዝ አይተን እንከተለዋለን፤ ስማችን ሲጠራ እንዳንጎድል ክፍል እንገባለን። ግቢው ሲዘጋ እነዚህ ሁሉ ባንድ ቀን ጠፉ፤ ተማሪውም ሰነፍ የሆነ መሰለው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች አንድ ሥራ ነው ያላቸው፦ ግቢው ሳይታወቀን ይሠራልን የነበረውን በእጃችን መሥራት። ምክንያቱ ወረርሽኝም ይሁን ሌላ፣ ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ትምህርት በስልክ ሲመጣ ይጠቅማል።

አንደኛ፦ የምትማሩት ምን ዓይነት ትምህርት እንደሆነ ለዩ

በመጋቢት 2012 አካባቢ አንድ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቡድን ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት የተለየ ስም እንዲሰጠው ሐሳብ አቀረበ፤ በአማርኛ «የአስቸኳይ ጊዜ የርቀት ማስተማር» ልንለው እንችላለን። ክርክራቸው ግልጽ ነበር። የኢንተርኔት ትምህርት ማለት ወራት ተወስዶበት፣ ከመጀመሪያው ለኢንተርኔት ተብሎ የተዘጋጀ ኮርስ ነው። ቤት እየተቃጠለ ዕቃ እንደሚወጣው በአንድ ሳምንት ውስጥ ከክፍል ወደ ስልክ የተጫነው ትምህርት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በአንዱ ሚዛን ሁለቱን መመዘን ልክ አይደለም።

ይህ ለተማሪው ምን ያደርግለታል? እርካታ ማለት በጠበቅነውና ባገኘነው መካከል ያለው ርቀት ነው። የግቢውን ትምህርት በስልክ እጠብቃለሁ ያለ ተማሪ በየቀኑ ይከፋል። ስለዚህ ኮርሱ በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት የሚከተሉትን ጠይቁና መልሱን በወረቀት ላይ አስፍሩ፦

- ትምህርቱ በቀጥታ ነው ወይስ ፋይል ተልኮልን በራሳችን ጊዜ የምናነበው?
- ውጤት የሚያዘው በምን በምን ነው? ፈተናው በኢንተርኔት ነው ወይስ ግቢ ስንመለስ?
- ኔትዎርክ ጠፍቶ ያለፈኝን እንዴት አካክሳለሁ?
- መምህሩ ጥያቄ የሚቀበለው በየት በኩል፣ በየትኛው ቀን ነው?

መልስ ያልተገኘለት ካለ «አልታወቀም» ብላችሁ ጻፉ። እውቀት አይመስልም፤ ግን አለመታወቁን ማወቅ ከወሬ ያድናል። በዚያ ዘመን «ሴሚስተሩ ሊሰረዝ ነው»፣ «ሁሉም ያልፋል» የሚሉ ወሬዎች ከሞጁሉ ይልቅ ይነበቡ ነበር፤ ወሬውን አምኖ መጽሐፉን የከደነ ተማሪ ብዙ ነው።

ሁለተኛ፦ ከቤተሰብ ጋር ተደራደሩ

ይህ እርምጃ ከሁሉም ይከብዳል፤ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ።

ለእናትና ለአባት፣ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ «አለ» ማለት ነው። የሚላክ ሰው ሲፈለግ አለ፤ እንግዳ ሲመጣ አለ፤ ከብት ሲጠፋ አለ። ስልክ ይዞ ሲታይ ደግሞ እየተጫወተ ነው። ቤተሰብን በዚህ መውቀስ አይገባም፤ በሕይወታቸው ያዩት ትምህርት ደብተር ይዞ ከቤት የሚወጣበትን ነው። ታዲያ ትምህርታችሁን በዓይን የሚታይ ማድረግ የእናንተ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ወሳኙን ሰው ለዩ። በብዙ ቤት እናት ናት፤ በአንዳንዱ አያት ወይም ታላቅ ወንድም ነው። ከዚያ ሰው ጋር ቡና ሲፈላ ወይም ከእራት በኋላ፣ ሌላ ሥራ በሌለበት ሰዓት ተነጋገሩ። ቀኑን ሙሉ አትጠይቁ፤ አይሰጣችሁም፤ ቢሰጣችሁም አትጠቀሙበትም። ሁለት ሰዓት ጠይቁ፤ በምትኩ የምትሰጡትንም አብራችሁ ተናገሩ። ለምሳሌ፦

«እማዬ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ትምህርት ላይ ነኝ። በዚያ ሰዓት ስልክ ይዤ ብታዪኝ መምህሬ የላከውን እያነበብኩ ነው። ከ5 ሰዓት በኋላ ወፍጮ ቤትም ቢሆን ገበያም ቢሆን እሄዳለሁ።»

ቀጥሎ ሰዓቱን በትልቅ ጽሑፍ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ማንበብ የማይችል ሰው ቤት ውስጥ ካለ በሰዓት ሥዕል አድርጉት። በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ አንድ ቦታ ተቀመጡ፤ የበሩ ጥግም ቢሆን፣ የጓዳው ሣጥንም ቢሆን። አንዷ ተማሪዬ ስታጠና ብቻ የምትለብሰው ነጠላ ነበራት፤ ነጠላውን ሲያዩ ታናናሾቿ ራሳቸው ዝም ይባባሉ እንደነበር ነግራኛለች። ከሁሉም በላይ ግን የገባችሁትን ቃል ጠብቁ፤ 5 ሰዓት ሲሞላ መጽሐፉን አጥፉና ወፍጮ ቤት ሂዱ። በሦስተኛው ቀን ያልተሄደ ወፍጮ የሁለቱን ሰዓት ስምምነት ያፈርሰዋል።

ለሴት ተማሪዎች ድርድሩ እጥፍ ይከብዳል። ወንድሟ «ተማሪ» ተብሎ ሲታለፍ እሷ እንጀራ እንድትጋግር፣ ውኃ እንድትቀዳ፣ ሕመምተኛ እንድታስታምም ይጠበቅባታል። እዚህ ላይ ጥያቄው የሰዓት ብቻ አይደለም፤ ሥራው እንዲከፋፈል ነው። ወንድም ያላችሁ፣ ከእናት በፊት እሱን ያዙት፤ «ማክሰኞና ሐሙስ ውኃው ያንተ ነው» የሚል ትንሽ ስምምነት በቂ ጅምር ነው። ይህን የምታነቡ ወንድሞችም ሳትጠየቁ ባልዲውን አንሡ።

ቤት ውስጥ ፈጽሞ የማይቻል ከሆነ ከቤት ውጭ ፈልጉ፦ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ግቢ፣ የቀድሞ ትምህርት ቤታችሁ በረንዳ፣ ብቻውን የሚኖር ዘመድ ቤት። በወረርሽኝ ጊዜ ደጅ መቀመጥ ከተዘጋ ክፍል ይሻላል፤ ርቀታችሁን ብቻ ጠብቁ።

ሦስተኛ፦ የዳታውንና የመብራቱን ሒሳብ ሥሩ

ብዙ ተማሪ ከትምህርት የሚወጣው ዳታው ባለቀበት ቀን ነው፤ ዳታው የሚያልቀው ደግሞ ስላልተሰላ ነው። ጥሩ ጥራት ያለው የቪዲዮ ጥሪ በሰከንድ ወደ 600 ኪሎቢት ይወስዳል። ይህ በሰዓት 270 ሜጋባይት ይሆናል። ድምፅ ብቻ ከሆነ በሰከንድ 80 ኪሎቢት ይበቃዋል፤ በሰዓት 36 ሜጋባይት ማለት ነው። በሳምንት ሦስት ሰዓት ያለው ኮርስ በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ በቪዲዮ 13 ጊጋባይት ገደማ፣ በድምፅ ግን 1.7 ጊጋባይት ገደማ ይፈጃል። አምስት ኮርስ ያለው ተማሪ ልዩነቱን ራሱ ያባዛው።

ስለዚህ በቀጥታ ትምህርት ላይ የራሳችሁንም የሌሎችንም ምስል ዝጉ፤ ስላይዱን መምህሩ ቀደም ብሎ እንዲልክላችሁ ለምኑና ድምፁን እየሰማችሁ ስላይዱን ከስልካችሁ ተከተሉ። በቴሌግራም ማስተካከያ ውስጥ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ አጥፉት፤ የክፍል ጓደኞቻችሁ የሚልኩት ቀልድ ከሞጁሉ በላይ ዳታ ይበላል። ትልልቅ ፋይል የምታወርዱት ሌሊት ወይም ከንጋቱ 11 ሰዓት ግድም ይሁን፤ መስመሩ ቀለል ይላል፤ በ*999# ላይ የሌሊት ጥቅል ካገኛችሁም ከቀኑ ይረክሳል። ነፃው ዙም የቡድን ስብሰባን በ40 ደቂቃ እንደሚቋርጥም አትርሱ፤ ዋናውን ጥያቄ ለመጨረሻ ያስቀመጠ ሳይጠይቅ ይቀራል።

ኔትዎርክ የሌለበት ቀበሌ የምትኖሩ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋችኋል። በየቀኑ ኮረብታ መውጣት አድካሚ ስለሆነ ይሰለቻል። በምትኩ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ የገበያ ዕለት፣ ወደ ከተማ ውጡ። ከመውጣታችሁ በፊት በወረቀት ላይ ሁለት ዝርዝር ጻፉ፤ አንደኛው የምታወርዱት፣ ሁለተኛው የምትልኩት። የምትልኩትን ጥያቄና አሳይመንት እቤት ጽፋችሁ ጨርሱት፤ ከተማ ውስጥ መላክ ብቻ ነው የሚቀራችሁ። ዝርዝር ሳይዝ የሄደ ሰው ሁለት ሰዓት ፌስቡክ አይቶ ይመለሳል፤ እኔም ሆኜ አይቼዋለሁ። ከተማ ውስጥ ዋይፋይ ያለው የክፍል ጓደኛ ካለ ደግሞ ሙሉውን ሞጁል በፍላሽ ወይም በሚሞሪ ካርድ ገልብጦ በመናኸሪያ በኩል በሚታመን ሰው ሊልክላችሁ ይችላል። ፍላሽ የሚንቀው መብራትና ኔትዎርክ ጠፍቶበት የማያውቅ ሰው ነው።

ኢንተርኔት ጭራሽ ሲቋረጥስ? ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት ጠፍቶ ነበር። የተዘጋጀ ተማሪ ማንበቡን ቀጠለ፤ ያልተዘጋጀው የመምህሩን ስልክ ቁጥር እንኳ አልያዘም፤ ሁሉ ነገር ቴሌግራም ውስጥ ነበርና። ስለዚህ ዛሬውኑ የክፍል ተወካያችሁን፣ የመምህራችሁንና የሁለት ጓደኞቻችሁን ቁጥር በወረቀት ጻፉ፤ የኮርሱን ማንበቢያ ሁሉ ስልካችሁ ላይ አውርዳችሁ ያዙ፤ ከኢንተርኔት ላይ ብቻ የሚከፈት ነገር የእናንተ አይደለም። የመብራቱ ጉዳይ አጭር ነው፦ መብራት ባለ ጊዜ ሁሉ ስልካችሁን ሙሉ፤ «ኋላ እሰካዋለሁ» ያለ ሁልጊዜ ይቆጨዋል።

አራተኛ፦ ሰዓቱን ቁረጡ

«ዛሬ አጠናለሁ» የሚል ዕቅድ ዕቅድ አይደለም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር ያጠናው ነገር እዚህ ይጠቅማል፤ ሰው ምን እንደሚያደርግ ብቻ ከሚወስን መቼና የት እንደሚያደርገውም አስቀድሞ ቢቆርጥ የመፈጸም ዕድሉ ይጨምራል። አነጋገሩ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል ነው፦ «የቁርስ ሳህን ካነሣሁ በኋላ በሩ ጥግ ተቀምጬ የምዕራፍ ሦስትን የመጀመሪያ አምስት ገጽ አነባለሁ»። «መብራት ከጠፋ በወረቀት ያለውን ማስታወሻ አነባለሁ»። ውሳኔው አስቀድሞ ስላለቀ ጠዋት ከራስ ጋር ክርክር የለም።

አንድ ጊዜ ስትቀመጡ ከ25 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃል፤ ስልኩን በሌላ ክፍል አድርጋችሁ፣ ወይም ሞጁሉ ስልኩ ውስጥ ከሆነ ዳታውን አጥፍታችሁ። አምስት ደቂቃ ተነሡ፣ ውኃ ጠጡ፣ ተመለሱ። በቀን አራት ዙር የሠራ ተማሪ ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ ፊቱ ዘርግቶ ከዋለው ይበልጣል። በጾም ወቅት ዙሮቹን ወደ ማለዳ አምጧቸው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ በባዶ ሆድ ስታትስቲክስ ማን ይገባዋል።

አንድ አደገኛ ወጥመድ አለ። ሙድል (ዩኒቨርሲቲዎች ሞጁልና አሳይመንት የሚለዋወጡበት ድረ ገጽ) እና ዙም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ ፈረንጅ ነው። ግብዣው 9፡00 ካለ ለእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ይህንን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚያስተው የሌሊቱ ነው። ሙድል «ሰኞ 00፡00» ብሎ የማስረከቢያ ጊዜ ከጻፈ፣ የሚያበቃው እሑድ አምሽቶ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። «ሰኞ» የሚለውን ብቻ አይቶ ሰኞ ጠዋት ሊያስረክብ የተነሣ ተማሪ በሩን ተዘግቶ ያገኘዋል። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ ሐምሌ 8 እና ጁላይ 15 አንድ ቀን ናቸው። ማስታወቂያ በደረሳችሁ ቁጥር በራሳችሁ አቆጣጠር ገልብጣችሁ፣ የሳምንቱን ቀን ጨምራችሁ ጻፉና ቡድናችሁ ውስጥ ለጥፉት፦ «ረቡዕ፣ ሐምሌ 8፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት»። ካጠራጠራችሁ መምህሩን ጠይቁ፤ አያሳፍርም። እኔ ራሴ ተማሪዎቼን አሳስቼ አውቃለሁ።

አምስተኛ፦ አንብቡና መጽሐፉን ክደኑ

ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን ለሁለት ከፍለው አንድ ጽሑፍ አስጠኑ። ገሚሱ ጽሑፉን ደግሞ አነበበ፤ ገሚሱ ወረቀቱን ከድኖ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ ሲያስታውሱ ከድነው የጻፉት 56 በመቶ አስታወሱ። ከቤት የሚማር ተማሪ የሚያታልለው ያ የአምስት ደቂቃው ስሜት ነው፤ ቪዲዮውን ደግሞ ያየዋል፣ ገባኝ ይላል፣ ይዘጋዋል፤ በፈተና ቀን ባዶ ነው።

ስለዚህ ከየዙሩ መጨረሻ አምስት ደቂቃ ለባዶ ወረቀት ስጡ። ሞጁሉን ክደኑና ያነበባችሁትን በአማርኛም በሌላ ቋንቋችሁም ቢሆን ጻፉ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱ ማሰብንም በእንግሊዝኛ ብቻ አያደርገውም። ይህ ለተነሳሽነትም ይበጃል፤ ሰው የሚቀጥለው እየቻለ መሄዱን ሲያይ ነው፤ የሞላ ወረቀት ደግሞ መቻልን በዓይን ያሳያል። ወረቀቶቹን አትጣሉ፤ በቀን አስቀምጧቸው።

ስድስተኛ፦ የጥናት ዕቁብ ግቡ

ይህ ከሁሉም እርምጃዎች የምወደው ነው፤ «ማን እየጠበቀኝ ነው?» ላለው ልጅ የሰጠሁት መልስም ይኸው ነበር። ዴሲና ራያን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን ሰውን ከውስጡ የሚያነሣሡ ሦስት ነገሮች አሉ ይላሉ፦ በራስ መወሰን፣ መቻል፣ ከሌሎች ጋር መያያዝ። ኮሮና ሦስተኛውን ነው የቆረጠው፤ የክፍሉ ትልቅ የቴሌግራም ቡድንም አይተካውም። 50 ሰው ያለበት ቡድን ውስጥ ማንም ማንንም አይጠብቅም።

ዕቁብን ሁላችንም እናውቃለን። ገንዘብ ማስቀመጥ የማይችል ሰው ዕቁብ ሲገባ ያስቀምጣል፤ ተራው የደረሰው ሰው ስለሚጠብቀው ነው። ጥናትንም እንዲሁ አድርጉ፦

1. ከሦስት እስከ አምስት ሆናችሁ ተሰብሰቡ። ከዚያ አይብዛ። ከመካከላችሁ ቢያንስ አንዱ ኔትዎርክ ያለበት ቦታ ይኑር።
2. ዕጣ አውጡ። በየሳምንቱ ተራው የደረሰው አንድ ክፍል ያስረዳል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጥያቄ «ይጥላሉ»። ጥያቄ ሳያመጣ የመጣ አልከፈለም።
3. መገናኛው የድምፅ ጥሪ ይሁን፤ አይቻልም ከተባለ ባለተራው ከአምስት ደቂቃ ያልበለጠ የድምፅ መልእክት ቀርጾ ይላክ። ዳታ ከሌለ ተራ የስልክ ጥሪ በየተራ።
4. ሰብሳቢ ይኑራችሁ። የዕቁብ ዳኛ እንደሚያደርገው ለቀረው ሰው ይደውልለታል። የሚደውለው ለመክሰስ አይደለም፤ «ምነው ጠፋህ፣ ደህና ነህ?» ለማለት ነው።
5. አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከቀረ ተራውን አስተላልፉለት እንጂ አታስወጡት። ቤቱ ሰው ታሞበት ይሆናል።

ስለ ትምህርት ብቻ አታውሩ። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ስለ ቤት፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዶርም ትዝታ ቢሄድ አልባከነም። ደውዬ ያገኘሁት ያ ልጅ ከሌሎች ሦስት ጋር ተቧደነ፤ በሚቀጥለው ሳምንት የላከልኝ ጥያቄ ኮርሱ ከተጀመረ ጀምሮ ከደረሱኝ ሁሉ ከባዱ ነበር። መልስ ለመስጠት እኔም ሌሊቱን ማንበብ ነበረብኝ።

ሰባተኛ፦ መምህሩ ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ ጠይቁ

በዚያ ወቅት በየአገሩ ስለ ተማሪዎች እርካታ በተደረጉ ጥናቶች ተደጋግሞ ከሚነሡት ነገሮች አንዱ የመምህሩ መገኘትና ምላሽ ነው። እኔም ከራሴ ክፍል ያየሁት ይኸው ነው፤ ኔትዎርኩ መጥፎ ሆኖም መልስ ያገኘ ተማሪ ያመሰግናል፤ ጥሩ ኔትዎርክ ይዞ መልስ ያጣ ይማረራል። ነገር ግን መምህሩም በዚያ ጊዜ ልጆቹን እያስተማረ፣ እናቱን እያስታመመ ሊሆን ይችላል። «መምህር አልገባኝም» የሚል መልእክት ሲደርሰው ከየት ይጀምር? እንዲህ ቢጻፍለት ግን በሁለት ደቂቃ ይመልሰዋል፦

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምርምር ዘዴ ኮርስ ተማሪዎ ነኝ። የሁለተኛውን ሞጁል የናሙና አመራረጥ ክፍል አንብቤያለሁ። በዕጣ መምረጥና የቀረበውን መምረጥ የሚለያዩበት ገብቶኛል። ያልገባኝ፣ የነዋሪዎች መዝገብ በሌለበት ቀበሌ ዕጣውን ከምን ላይ እንደማወጣ ነው። እኔ በቤት ቁጥር ልጀምር አስቤያለሁ፤ ትክክል ነኝ? እስከ ዓርብ በጽሑፍም በድምፅም ቢመልሱልኝ አመሰግናለሁ።»

ማን እንደሆናችሁ፣ እስከ የት እንደገባችሁ፣ የት ላይ እንደቆማችሁ፣ የራሳችሁ ግምት ምን እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደምትፈልጉት፤ አምስቱም አሉበት። ሦስት ቀን ሙሉ ዝም ከተባለ በትሕትና አስታውሱ። ከዚያም ዝም ካለ የሁላችሁንም ጥያቄ የክፍል ተወካዩ ሰብስቦ በአንድ መልእክት ይላክ፤ ያም ካልሠራ ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይሂድ። ብቻችሁን ተናድዳችሁ በቡድኑ ውስጥ መምህሩን መዝለፍ ግን መልስ አምጥቶ አያውቅም።

መምህራንም ይህን ታነቡ ይሆናል። በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት፣ ሁልጊዜ የምትገኙበት ይሁን፤ ለተመለሰ አሳይመንት ሁለት ዓረፍተ ነገር አስተያየት ስጡ፤ ቁጥር ብቻ አትላኩ። ከረጅም ቪዲዮ ይልቅ አሥር ደቂቃ የሚሆን ድምፅና ባለ ጥቂት ገጽ ፒዲኤፍ ይሻላል። ከክፍሉ የጠፋውን ደግሞ ከመቆጣታችሁ በፊት ደውሉለት።

ስምንተኛ፦ ስንፍናን ከሕመም ለዩ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የማይሠራበት ጊዜ አለ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሐዘን ወይም ባዶነት ከተሰማችሁ፣ ትወዱት የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላችሁ፣ እንቅልፍ እምቢ ካለ ወይም ከአልጋ መነሣት ካቃተ፣ የምግብ ፍላጎት ከጠፋ፣ ይህ የሰዓት ዕቅድ ጉዳይ አይደለም። ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱና «የድብርት ስሜት አለኝ» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ በጸበልም በጸሎትም የምትረዱ ከሆነ ሁለቱን አብራችሁ ያዙ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን አንድ ቀንም አትቆዩ፤ በዚያው ሰዓት አጠገባችሁ ላለ ሰው ተናገሩና ወደ ሆስፒታል ይውሰዳችሁ።

ቤት ውስጥ ሞት ወይም ሕመም ገብቶ ትምህርቱን መቀጠል የማይቻል ከሆነም ዝም ብላችሁ አትጥፉ። ሳያሳውቅ የጠፋ ተማሪ መዝገቡ ላይ የወደቀ ኮርስ ሊቀመጥበት ይችላል፤ አሳውቆ በሥርዓቱ ያቋረጠ ግን ሲመለስ የሚይዘው ወረቀት አለው። ለትምህርት ክፍሉና ለሬጅስትራሩ በጽሑፍ አመልክቱ፤ የላካችሁበትን ቀን የሚያሳይ ቅጂ አስቀሩ።

ዘጠነኛ፦ በየሳምንቱ እሑድ ለራሳችሁ ውጤት ስጡ

አራት ጥያቄ፣ ከ1 እስከ 5 ነጥብ፣ በደብተር ላይ፦ በዚህ ሳምንት የገባኝ ምን ያህል ነው? ከሰው ጋር ስለ ትምህርት ተነጋገርኩ? ጥያቄዬ ተመለሰልኝ? ሰዓቴን በራሴ ወሰንኩ? ዝቅተኛውን ነጥብ ያገኘውን አንዱን ብቻ በሚቀጥለው ሳምንት አስተካክሉ። ሁለተኛው ዝቅ ካለ ወደ ዕቁቡ፣ ሦስተኛው ዝቅ ካለ ወደ መልእክቱ አጻጻፍ፣ አራተኛው ዝቅ ካለ ወደ እማዬ ድርድር ተመለሱ። የዕቁቡ አባላት ነጥባቸውን አሰባስበው በወር አንድ ጊዜ ለመምህሩ ቢልኩለት ደግሞ ከየትኛውም የዩኒቨርሲቲ መጠይቅ ቀድሞ ይደርሰዋል።

አሥረኛ፦ የጥሪው ቀን

በ2013 ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ መልሰው መጥራት ሲጀምሩ ተመራቂዎች ቀድመው ገቡ፤ ያለፈውን ለማካካስ ትምህርቱ ተጣደፈ። የከደናችኋቸውን ሞጁሎችና የጻፋችኋቸውን ወረቀቶች ይዛችሁ ግቡ። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከቤት የተማርነው ከየትኛው ምዕራፍ ይቆጠራል? ያመለጠን የላቦራቶሪና የተግባር ሥራ መቼ ይሠራል? ፈተናው በምን ላይ ነው? መልሱን ከክፍል ተወካዩ በጽሑፍ አግኙ።

የጥናት ዕቁቡንም አታፍርሱት። አሁን በአንድ ካፌ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ትችላላችሁ፤ የድምፅ መልእክት ቀርቶ ዳቦውን እየቆረሳችሁ ነው ጥያቄ የምትጥሉት።